ለእማማ የሺ የተነሱት ፎቶዎች

ባለፈው ሰኔ እዚህ ፍራንክፈርት፣ ሆኽስት ሠፈር፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበረኝና ስመለስ፣ ኤስባን በሚባለው የከተማ ባቡር ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ልጅ ከቦርሳዋ የጸሐይ ክሬም አውጥታ ክንዷን መቀባት ጀመረች። ኮኮናት ኮኮናት የሚሸት ክሬም ነው። ከሆኽስት እኔ የምኖርበት ኒድ አንድ ፌርማታ ነው፤ ተቀምጦ ለመነሳት እንኳ አያደርስም። እኔ ግን ሠፈሬን አልፌ ግሪስሃይም ደርሼ ነው የነቃሁት። ልጅቷ በጀርመንኛ «ደህና ነዎት?» አለችኝ። ጥርሴን ነው አልኳት። በእግሬ ወደ ኋላ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያ ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣ አለ። ሽማግሌ ሰው በአደባባይ ሲያለቅስ አያምርበትምና፣ ጥርሱን ያመመው መስዬ ጉንጬን በመሀረብ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

የሲሼልስን ደሴት በዓይኔ ከማየቴ በፊት የማውቃት በአሸዋዋ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን ጠርጌያለሁ፤ ውጭውን አይደለም፣ ውስጡን። አንዱ መንገደኛ ወርዶ ሌላው እስኪሳፈር ያለችው ጊዜ የኛ ነበረች። አንዱ ብርድ ልብስ ይሰበስባል፣ ሌላው ሽንት ቤት ያጥባል፣ እኔ ከመቀመጫ ሥር እጠርጋለሁ። ሰው የት ሰንብቶ እንደመጣ ወለሉ ይነግረኝ ነበር። ከቱርክ የሚመጣው የሱፍ ፍሬ ገለባ፣ ከሰሜን የሚመጣው የቦት ጫማ ጭቃ፣ ከሲሼልስ የሚመጣው ደግሞ ስኳር የመሰለ ነጭ አሸዋ ይጥልልኛል። መንገደኞቹ ቆዳቸው ቲማቲም መስሎ፣ በበረዶ ወራት በነጠላ ጫማ ሲወርዱ እያየሁ በሆዴ እስቅባቸው ነበር። አንድ ቀን ከዚያ አሸዋ ቆንጥሬ በባዶ የክብሪት ቀፎ አድርጌ ለባለቤቴ ለስንቅነሽ አመጣሁላት። መዳፏ ላይ ገልብጣ ብዙ ጊዜ ስታየው ቆየችና «እኛስ ሰው አይደለንም?» አለችኝ። ነገሩ የተጀመረው እንግዲህ ከዚያ ነው።

በዚያን ዘመን የኛ ሰው ዕረፍት ሲወጣ የሚሄደው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቤተሰቡ ዘንድ። ሁለት ዓመት ተቆጥቦ ሻንጣ ይሞላል፤ የደም ግፊት ኪኒን፣ የልጆች ጫማ፣ የንባብ መነጽር፣ ከርካሽ ሱቅ የተገዛ ቸኮሌት። አንዱን ደስ ሲያሰኙ ሌላው አኩርፎ፣ ሲሄዱ ከነበረው ይልቅ ደክሞ መመለስ ነው። ስንቅነሽ ቦከንሃይም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ሰው ማንሳትና ማውረዱ ጉልበቷን በልቶታል። እዚያ የምታጥባቸው አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት፣ ከባላቸው ጋር ሲሼልስ ሄደው ያዩትን ፏፏቴ ሁልጊዜ ያወሩላታል። «መውጣት የለ፣ መውረድ የለ፤ ከመንገዱ ጥቂት እርምጃ ነው። በአንቺም ጉልበት ይደረሳል» ይሏታል። የተጋባንበት ሃያኛ ዓመት ሲመጣ ስንቅነሽ «የዘንድሮውን ኡርላውቤን፣ የዓመት ዕረፍቴን፣ ማንም የማይጠብቀን ቦታ እንሂድ። አንድ ጊዜ ብቻ» አለችኝ። ዓመቱ እናቷን የምታይበት ዓመት ነበርና ናዝሬት ደውላ ፈቃድ ጠየቀች። እናቷ እማማ የሺ በስልኩ ውስጥ ሲስቁ እኔም ሰማኋቸው። «ሂጂ ልጄ፣ ተዝናኚ። እኔ የት እሄድብሻለሁ? ለከርሞ ትመጫለሽ» አሏት።

ቲኬቱን የቆረጥነው ላይፕሲገር ሽትራሰ የሚባል መንገድ ላይ ከነበረች አንዲት ትንሽ የጉዞ ቢሮ ነው። መስኮቷ ላይ የተለጠፈው የዘንባባ ሥዕል በጸሐይ ነጥቶ ባሕሩ ወተት መስሎ ነበር። ዛሬ እዚያው ቦታ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ስንቅነሽ እዚያው መንገድ ላይ ቢጫ አበባ ያለው ቀሚስ በቅናሽ በአሥራ ዘጠኝ ዩሮ ገዛች፤ ሦስት ጊዜ ሄዳ አይታው፣ በአራተኛው ነው የገዛችው። ለእኔ ከተማሪ ቤት ወዲህ ለብሼ የማላውቀውን አጭር ሱሪ አስለካችኝና መስታወት ፊት አቁማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችብኝ። የዲጂታል ካሜራ ዋጋ ገና የወረደበት ጊዜ ስለነበር አንዲት ብርማ ካሜራ ገዛን። ከፎቶው ጥግ ላይ ቀኑን በብርቱካናማ ቁጥር ትጽፋለች፤ እንዴት እንደሚጠፋ ሳላውቅ ቀረሁ። ሻንጣችን ሃያ ኪሎ እንኳ አልሞላም። ስንቅነሽ ሚዛኑን እያየች «የማን ሻንጣ ነው ይሄ? ባዶ እጄን የምሄድ መሰለኝ» ትል ነበር።

በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ስልኬ ጮኸ። ስንቅነሽ ያረፍንበት ቤት አትክልት ውስጥ ፓፓያ እየበላች ነው፤ እኔ ክፍል ውስጥ አጭር ሱሪዬን እየታጠቅኩ። ስልኬ ውጭ አገርም ስለሚሠራ ቁጥሩን ለወንድሟ ለደምሴ «ለክፉ ቀን ብቻ» ብዬ ሰጥቼው ነበር። ሮጬ አነሳሁት፤ ደምሴ ነው።

«ጌታቸው፣ ስንቄ አጠገብህ ናት?» አለኝ።

«የለችም። ምነው?»

«እማማን አሟታል። ሆስፒታል ነን። ድንገት ነግረህ እንዳታስደነግጣት፤ አንተ በዘዴ ንገራት።»

ከበስተኋላው የሴቶች ለቅሶ ይሰማኛል። አንዷ ደረቷን እየመታች ነው። ደምሴም ድምፁ ይቆራረጣል።

የኛን አገር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሞት በስልክ በስሙ አይጠራም። አሟቸዋል ይባላል፣ ጠናባቸው ይባላል፤ ከዚያ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ደግፎ ይዞ ነው የሚያረዳው። ሰው በባዕድ መንገድ ላይ፣ የሚደግፈው በሌለበት መርዶ መንገር ግፍ ነው ብለን ነው ያደግነው። ጠይቆ ማረጋገጥ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ደምሴን አልጠየቅኩትም። «ገባኝ ደምሴ፤ በቃ ገባኝ» አልኩት። እሱም «አይዞህ» አለኝ። ሌላ ሰው ደውሎ ስንቅነሽ እንዳታነሳው ፈርቼ ስልኩን ጨርሼ አጠፋሁት፤ ባትሪውንም አውጥቼ በካልሲ ጠቅልዬ ሻንጣው ሥር ከተትኩት። ቀብሩ ዛሬውኑ ያልቃል፣ እንኳን ከዚህ ከፍራንክፈርትም ብትነሳ አትደርስበትም፤ ምስኪኗ ቢያንስ የቀሯትን ሦስት ቀናት ትሳቅ ብዬ አሰብኩ። ለሷ ብዬ ነው። ዛሬም ቢሆን ለሷ ብዬ እንደነበር እምላለሁ።

ያን ቀን ወደ ፏፏቴው ልንሄድ ቀጠሮ ነበረን። ፊቴን ታጥቤ ወጣሁና «ሆዴን ትንሽ ጎረበጠኝ» አልኳት። ሰማያዊ አውቶቡስ ተሳፈርን፤ ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍቶ በአንድ እጁ እየነዳ፣ ባሕሩን በግራ፣ ተራራውን በቀኝ እያደረገ አንዲት ድልድይ አጠገብ አወረደን። አሮጊቷ እንዳሉት ነው። ዶሮዎች የሚጭሩበት ግቢ አለ፤ በአጥሩ ጥግ የሲሚንቶ መንገድ አለ፤ በሩ ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ጥቂት ሳንቲም ተቀብላ ታስገባለች፣ ኮኮናትም በመጥረቢያ ፈልጣ ትሸጣለች። ከአስፋልቱ እስከ ውኃው ከቤታችን እስከ ዳቦ ቤቱ ካለው አይርቅም። ከፍታውም ቢሆን የምንኖርበትን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቢያክል ነው። ስንቅነሽ ቆማ ሽቅብ አየችና «ይሄ ነው?» አለች። ከዚያ ደግሞ ፊቷ በአንዴ ተለወጠ። «ጌታቸው፣ ውኃው እኮ ለብ ያለ ነው!» ጫማዋን አውልቃ ገብታለች። ያ ያመማት ጉልበት የት እንደገባ እንጃ፣ ከነቀሚሷ እስከ ወገቧ ሄደች።

ፏፏቴው ትከሻዋ ላይ ሲወርድ ትጮኻለች፣ ትስቃለች፣ የሰርጋችን ሰሞን የነበረ ዘፈን ታንጎራጉራለች። ሃያ ዓመት አብሬያት ስኖር እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። ፍራንክፈርት ውስጥ ሳቃችንም ጎረቤት እንዳይረበሽ በልክ ነው። እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብያለሁ። «ና እንጂ! ምን ሆነሃል?» እያለች ውኃ ትረጨኛለች። ከዚያ ፀጉሯን ወደ ኋላ አድርጋ ቀጥ ብላ ቆመችና «ለእማዬ አንሳኝ፤ ልጄ አብዳለች ትበል! ብዙ አንሳ፣ የምታምረውን ትመርጣለች» አለችኝ። ሠላሳ አንድ ፎቶ አነሳሁ። ባነሳሁ ቁጥር ሞተዋል፣ ሞተዋል እላለሁ በልቤ። ካሜራዋ ጥሩ ነበረችና ሁሉም ጥርት ብሎ ወጣ። ስትወጣ ኮኮናት ጠጣን፤ ግማሹን ደረቷ ላይ አፈሰሰችውና እስከ ማታ ኮኮናት ኮኮናት ትሸት ነበር።

ዓርብ በቀን በረራ ተመለስን። ከፊታችን ባለችው ትንሽ ስክሪን ላይ አውሮፕላኑ የት እንዳለ ካርታ ያሳያል። ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መስያለሁ። ስንቅነሽ ክንዴን ነቀነቀችኝ። «ተነስ፣ አገራችን ላይ ነን። እማዬ ከታች ናት። ይሄኔ ደጅ ወጥታ ጸሐይ እየሞቀች ይሆናል።» ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ በጣቶቿ ወደ ታች ሰላምታ ሰጠች። ከታች ደመና ብቻ ነበር። እኔ ዓይኔን አልገለጥኩም።

ቅዳሜ ጠዋት የመርዶውን ነገር ልማከር ሆኽስት ወደ አቶ ኢድሪስ ሄድኩ። አቶ ኢድሪስ ኤርትራዊ ናቸው፤ በልጅነታቸው በአማርኛ የተማሩ፣ ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ሐዘን ሲደርስበት መጀመሪያ የሚጠራቸው ሰው። ነገሩን ሰምተው «እሑድ ማለዳ እናደርገዋለን። መቼ ነው የተቀበሩት?» አሉኝ።

«ማክሰኞ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ስማኝ ወደይ፣ ልጄ፣ መርዶ በይመስለኛል አይነገርም። ደውልና ጠይቅ።»

ባቡር ጣቢያው አጠገብ የስልክ ቤት ነበር፤ ከእንጨት የተሠሩ ሦስት ክፍሎች፣ ግድግዳቸው በስልክ ቁጥርና በስም የተሞላ። በአምስት ዩሮ ካርድ መቶ ሰማንያ ደቂቃ ይላል፤ ሰላምታ ሳይጨርሱ ያልቃል። ደምሴ ወዲያው አነሳ።

«የት ጠፋችሁ?» ብሎ ጮኸብኝ። «ስንት ጊዜ ደወልኩ! ዛሬ ጎህ ሲቀድ አረፈች፣ ጌታቸው።»

«ዛሬ?»

«አራት ቀን ሙሉ ስንቄ መጣች ወይ ስትል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። አንተ ገባኝ ስትለኝ ትልካታለህ ብዬ፣ በናይሮቢ በኩል ትመጣለች ብዬ፣ ሁለት ቀን አየር ማረፊያ ሰው አቁሜ ነበር።»

«ማክሰኞ ከኋላህ የሚያለቅሱት ሴቶች እነማን ነበሩ?» አልኩት።

«የትኞቹ? እኔ እንጃ። ሆስፒታል እኮ ነው፤ የሌላ ሰው ለቅሶ ይሆናል።» ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሆኑን ነገረኝ። ካርዱ አለቀ።

አቶ ኢድሪስ ዘንድ ተመልሼ ሁሉንም ነገርኳቸው። «በሉ ይገስጹኝ» አልኳቸው። «እኔም ብሆን እንዳንተው ነበር የማደርገው። ግን ሁሉንም ንገራት። ግማሹን ደብቀህ ግማሹን እንዳትነግራት» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሑድ ማለዳ ደረጃውን ሰው ሞላው፤ ከታች ያሉት ጎረቤታችን እሳት የተነሳ መስሏቸው በመኝታ ልብስ ወጡ። ስንቅነሽ በሩን ከፍታ ያን ሁሉ ጥቁር ልብስ ስታይ «እማዬን!» አለችና ወደቀች። ስትጮኽ ውላ፣ ድምፅዋ ሲዘጋ፣ «መቼ?» አለች። አቶ ኢድሪስ እኔን አዩኝ። «ትናንት፣ ጎህ ሲቀድ» አልኩ። ከአፌ የወጣው ቃል ሁሉ እውነት ነው፤ ከዚያ በላይ ዋሽቼ ግን አላውቅም።

ለአርባው ናዝሬት ሄደች። ስትመለስ ሻንጣዋን ሳትፈታ ካሜራዋን አውጥታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና አበራችው።

«ደምሴ ማክሰኞ ነው የደወልኩለት አለኝ። ይሄም የማክሰኞ ነው» አለች፣ የብርቱካናማውን ቁጥር በጣቷ እየነካች። «የደወለው ከዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በፊት ነው።»

«ለእማዬ አንሳኝ ስልህ፣ ሞታለች ብለህ ነው ያነሳኸኝ?»

«አዎ።»

«እሷ ግን በር በሩን ታይ ነበር።» አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ከዚያ ደሴት እኮ ግማሽ ቀን ነው፣ ጌታቸው። ምነው አንድ ቃል ብትጠይቀው?»

ባህላችን ነው ልበላት? እሷም ታውቀዋለች። ጓደኛዋ ዘንድ ቦከንሃይም ሄዳ ሦስት ወር ተቀመጠች። በአቶ ኢድሪስ ልመና ስትመለስ አንድ ነገር ብቻ አለች፦ «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ።» እንደዚያው ሆነ። የኔም ስልክ ቢሆን ሲጮኽ አቀብላታለሁ፤ ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር። አብረን በላን፣ አብረን ጠጣን፣ ለጉልበቷ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት አልጋዋ አጠገብ አደርኩ። ቢጫውን ቀሚስ ለበጎ አድራጎት ልብስ ሳጥን ሰጠችው። እንደዚያ ቀን ስትስቅ ግን ዳግም አልሰማኋትም። ቲቪ ላይ አስቂኝ ነገር ሲመጣ ሰርቄ አያታለሁ፤ ፈገግ ትልና ታቆመዋለች። ያን ፏፏቴ ያየንበት ቀን መጥፎ ቀን ቢሆን ኖሮ መርሳት ይቻል ነበር። ከሕይወቷ በጣም የተደሰተችበትን ቀን ነው ያበላሸሁባት።

ዓመታት አለፉ፤ የስልክ ቤቶቹ ተዘጉ፣ ሰው ሁሉ በእጁ ስልክ በነጻ ማውራት ጀመረ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስገባ ስንቅነሽ ኮሪደር ላይ ቆማ በስልክ ትጨቃጨቃለች። ደሴ ከተማ ያለው የታላቅ ወንድሜ የተፈራ ልጅ ነው የደወለው።

«አሟቸዋል አትበለኝ» ትላለች። «ሞቷል ወይስ አልሞተም? ... ነውር ነው? ይሁን፣ ነውረኛ በለኝ። ... አጠገቡ ነህ? እንግዲያው ስልኩን አፉ ላይ አድርግልኝ፤ ሲተነፍስ ልስማው።»

ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ወንድምህ ታሟል። አልሞተም፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ለነገ ጠዋት ቲኬት እቆርጥልሃለሁ። አለቃህ ጋ እኔ ራሴ እደውላለሁ፤ አንተ ሻንጣህን አውርድ።»

ደረስኩ። ተፈራ ስድስት ቀን ቆየ። ውኃ በማንኪያ አጠጣሁት፤ ጢሙን ላጨሁት፤ ልጅ ሳለን የሚጠራኝን ስም ጠራኝ። ሰው ወንድሙን እንዲህ ሲሸኝ ማዘኑ አይቀርም፤ እኔ ግን ከሐዘኑ ጋር ሌላ ነገር ይቆረጥመኝ ነበር። በእያንዳንዱ ማንኪያ ከስንቅነሽ የወሰድኩትን አየሁት።

ስመለስ በሩን ከፍታ ጠበቀችኝ። «ደረስክበት?» አለችኝ።

«ደረስኩበት።»

«አወቀህ?»

«አወቀኝ።»

«ምን አለህ?»

«መጣህ? አለኝ።»

ኮቴን ከእጄ ተቀበለችና ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። «እማዬም ብደርስባት እንደዚሁ ነበር የምትለኝ» አለች።

ይቅር በይኝ አልኳት። በዚያ ሁሉ ዓመት አፌ ላይ እየደረሰ የሚመለሰው ቃል ያኔ ወጣ።

«ይቅርማ ካልኩህ ቆየሁ እኮ፤ ሳልነግርህ ነው» አለች። «ይቅርታ አይደለም የጎደለኝ።»

ኮቱን ልትሰቅል ወደ ውስጥ ገባች።